እንግሊዝኛቸው በድንገት ለጠፋባቸው

አሜሪካ ያለ ወገኔ የጁሪ መጥሪያ፣ ማለትም ከሌሎች ተራ ዜጎች ጋር ችሎት ተቀምጠህ ፍረድ የሚል ወረቀት፣ በፖስታ ሲደርሰው የሚሆነውን ተአምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሃያ ዓመት ሙሉ ከኢንሹራንስ ጋር በስልክ ሲሟገት የኖረ ሰው በአንድ ጀንበር እንግሊዝኛው ጥፍት ይላል። የትራፊክ ቅጣቱን ተከራክሮ ያሰረዘ አንደበት ከ«ኖ ኢንግሊሽ» ሌላ ቃል አይወጣውም። ወገቡም አብሮ ይያዛል። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ሳይወደስ መቅረት የለበትም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ጊዜ አጠባበቃቸው ነው። በፈረንጆቹ 2008 ሥራ ላይ የዋለው የዜግነት ፈተና 100 ጥያቄዎች ነበሩት። ከነዚያ እስከ 10 ይጠየቅ ነበር፤ 6 የመለሰ ያልፍ ነበር። 49ኛው ጥያቄ የዜጋ ብቻ የሆነ አንድ ኃላፊነት ጥቀስ ይል ነበር። መልሱ ወይ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ነበር፣ ወይ ጁሪ ሆኖ ማገልገል። ወገኔ «ጁሪ» ብሎ መለሰ፣ በእንግሊዝኛ። ቀኝ እጁን አንሥቶ ማለ፣ በእንግሊዝኛ። ትንሿን ባንዲራ እያውለበለበ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛው ግዳጁን ፈጽሟልና በክብር ተሰናበተ።

ፈረንጆቹም በዚህ አይታሙም። እነሱ ቋንቋው አልጠፋ ስለሚላቸው በአመለካከት በኩል ይመጣሉ። አንዱ «ፖሊስ ያለውን ሁሉ አምናለሁ» ይላል። ሌላው «ፖሊስ ያለውን አንዱንም አላምንም» ይላል። ሁለቱም ለምሳ ቤታቸው ናቸው። ብልሃቱ እኛም ዘንድ ደርሷል። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ካፌ ውስጥ የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

«አንተ፣ ምን ብለህ ነው ያመለጥከው?»

«ዘረኛ ነኝ አልኳቸው።»

«በሕግ አምላክ! ማንን ነው የምትጠላው?»

«እሱን ሳይጠይቁኝ ለቀቁኝ።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። የማኪያቶውን ሒሳብ ጓደኞቹ ተሻምተው ከፈሉለት።

«በሕግ አምላክ» ከተባለ አይቀር፣ አገር ቤት ጁሪ የሚባል የለም። ግን የጥንት ሰዎች መንገድ ላይ ሁለት ተካሳሾች «ዳኘን» ብለው ሲያቆሟቸው ጉዟቸውን ገታ አድርገው ክርክሩን ይሰሙ ነበር። የመንገድ ዳኛ ማለት እነሱ ናቸው። ምስኪኖች! ወገቤን ማለት ያስተማራቸው የለም።

እርግጥ የዕለት ገቢው የሚቀርበት ሰው አለ። የፌዴራል ፍርድ ቤት ለጁሪ በቀን 50 ዶላር ነው የሚከፍለው። ኡበር ነድቶ ቤት ኪራይ ለሚከፍል አባወራ ይሄ ቀልድ ነው። ችግሩን እንዳለ ቢያስረዳ ዳኛው ሊያሰናብተው ወይም ቀኑን ሊያዛውርለት ይችላል። ግን እውነት ተናግሮ የመጣ ሰው ካፌ ውስጥ ምን ያወራል?

ሁለተኞቹ ጀግኖቼ ለመውጣት ሳይሆን ለመግባት የሚደክሙት ናቸው። እነዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አመራረጡ ቀላል ነው። ዳኛና ጠበቆች ይጠይቃሉ፣ የተጠራው ሰው ምሎ ይመልሳል። ማድላቱ ከመልሱ ከታወቀ ይወጣል። የሞት ቅጣት በማይጠየቅበት የፌዴራል ከባድ ወንጀል ደግሞ ዐቃቤ ሕግ 6፣ ተከሳሽ 10 ሰው ምክንያት ሳይሰጡ ማስወጣት ይችላሉ። ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1791 ለተከሳሽ ገለልተኛ ጁሪ ይገባዋል አለ እንጂ የሰው ሆድ የሚያሳይ መሣሪያ አላደለም። ያለው የተጠሪው አፍ ብቻ ነው።

በ2011 ኒው ዮርክ ውስጥ ወራት የፈጀ የታክስ ማጭበርበር ችሎት ነበር። አንዲት ጁሪ የቤት እመቤት ነኝ፣ ትምህርቴም የመጀመሪያ ዲግሪ ነው አለች። ለካስ ከሥራ የታገደች ጠበቃ ኖራለች። ባሏም እስር ቤት ከርሞ የወጣ። ሕጉን ስለተማረች ምን መደበቅ እንዳለባት አሳምራ ታውቃለች፤ እንዲህ ነው እንጂ ትምህርት! በ2012 ዳኛው ለሦስት ተከሳሾች ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታይ አለ። የወራቱ ልፋት ውኃ በላው።

ልጃገረዶችን ለወሲብ ጥቃት አመቻችታለች ተብላ የተከሰሰችው የጊሌን ማክስዌል ችሎትም አለ። ጁሪዎቹ በታኅሣሥ 2021 ጥፋተኛ ናት አሉ። ከዚያ ከመካከላቸው አንዱ እሱ ራሱ በልጅነቱ የወሲብ ጥቃት እንደደረሰበት ለጋዜጠኞች ተናገረ። ከምርጫው በፊት የሞላው መጠይቅ ይህንኑ በግልጽ ጠይቆት ነበር። መልሱ «የለም» ነበር። ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲጠየቅ ወረቀቱን በጥድፊያ እንዳነበበው ተናገረ። ዳኛ አሊሰን ናታን ሆን ብሎ አልዋሸም ብላ አመነችው፤ ድጋሚ ችሎትም ከለከለች። ማክስዌል 20 ዓመት ተፈረደባት። እኔም እንደ ዳኛዋ አምነዋለሁ። መጠይቁን ያነበበው ሁላችንም የስልክ አፕ ስንጭን «እስማማለሁ» የምንለውን ውል በምናነብበት ትጋት ነው።

ሕጉም ቢሆን ጀግኖቼን አይጨክንባቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 እንዳለው፣ ጁሪ ዋሸ ብሎ ድጋሚ ችሎት የሚጠይቅ ሰው ሁለት ነገር ማሳየት አለበት። ለወሳኝ ጥያቄ በሐቀኝነት አልመለሰም፤ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ደግሞ ከጁሪነት የሚያስወጣ በቂ ምክንያት ይሆን ነበር። በሉ ፈልጉ።

በ2014 ደግሞ የሳውዝ ዳኮታው ባለ ሞተር ሳይክል ነገር መጣ። ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ እግሩን ያጣ ሰው ነው። ካሳ ጠየቀ፣ ተረታ። በኋላ አንድ ጁሪ ለጠበቃው ሹክ አለው። የጁሪዎቹ ሰብሳቢ በዝግ ክፍሉ ውስጥ ስለ ልጇ አውርታለች። ልጅቷ ሰው የሞተበት አደጋ አድርሳ ነበር፤ ያኔ ብትከሰስ ኖሮ ሕይወቷ ይበላሽ ነበር ብላለች። በምርጫው ጊዜ ግን ሳላዳላ እፈርዳለሁ ብላ ነው የገባችው። ዘጠኙም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ ተስማሙ፦ በዝግ ክፍል የተባለው ነገር፣ በምርጫው ጊዜ ዋሽታለች ለማለትም ቢሆን፣ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ሰውየው እንደተረታ ቀረ።

ይህን ታሪክ ለዚያ ለካፌው «ዘረኛ» አጫወትኩት። ማኪያቶውን እያማሰለ በጥሞና ሰማኝ። ከልቡም አዘነ።

«ቆይ ግን» አለኝ፣ «ሴትየዋን ስንት ቀን አስቀመጧት?»