ማስተካከያ፦ የጠፈርተኞችን እይታ የሚያደበዝዘው ጨረር ነው ያልኩት ስህተት ነው

ባለፈው ጽሑፌ ጠፈር ላይ ወራት የቆዩ ሰዎች እይታቸው የሚደበዝዘው በጨረር ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ጨረር ከዓይን ሞራ ጋር ይያያዛል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ብልጭታ የሚያዩትም በእሱ ነው። የእይታው መደብዘዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ምድር ላይ ስንቆም ደማችንና ሌላው ፈሳሽ ወደ እግር ይሳባል። እዚያ ግን ሰውነት ስለሚንሳፈፍ ፈሳሹ ወደ ጭንቅላት ይወጣል፤ ፊታቸው አብጦ እግራቸው ቀጥኖ የምታዩት ለዚህ ነው። ተመራማሪዎች በዋናነት የሚጠረጥሩትም ይህንኑ ነው። የዓይን ነርቭ ጫፍ ያብጣል፣ የዓይን ኳስ ከኋላው ጠፍጠፍ ይላል፣ ኳሱ ሲያጥር ደግሞ ብርሃኑ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ላይ በትክክል ስለማያርፍ እጃቸው ላይ ያለው ወረቀት ፊደሉ ይደበዝዝባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ 6 ወር ቆይተው ከተመለሱና የዓይን ለውጥ ከታየባቸው 7 ጠፈርተኞች 6ቱ ቅርብ ማየት ተቸግረው ነበር።

"ይታወራሉ" ማለቴም ልክ አልነበረም፤ ያስደነገጥኳችሁ ካላችሁ ከልብ አዝናለሁ። ብዙ ጊዜ መነጽር ይበቃል፤ ናሳም ቀድሞ አዘጋጅቶ ይሰጣቸዋል። የኳሱ ቅርጽ ግን ከተመለሱ ከዓመታት በኋላም ላይስተካከል ይችላል።