የዱቤ ደብተሩን ማን ይክፈለው?

ደሴ ውስጥ አንድ ባለሱቅ አውቃለሁ። ሱቁ ከእናቴ ቤት ማዶ ናት። በ2013 ክረምት ከቆቦና ከወልዲያ የተፈናቀለው ሰው ወደ ደሴ ሲጎርፍ፣ ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሲሆኑ፣ የዱቤ ደብተሩ በአንድ ወር አለቀችበት። ሁለተኛ ጀመረ።

ያችን ሁለተኛ ደብተር አይቻታለሁ። ብዙዎቹ መስመሮች ስም የላቸውም። ሰዎቹን ስለማያውቃቸው በምልክት ነው የጻፋቸው። «የመንታዎቹ እናት፣ ስኳር ግማሽ ኪሎ፣ ጨው።» «ከዘራ የሚይዙት አባት፣ ሳሙና 1፣ ሻማ 2።» «ረጅሙ ልጅ፣ ዳቦ 5።» ዋጋው ከጎን አለ። መቼ እንደሚከፈል ግን አልተጻፈም።

የመንታዎቹ እናት ስኳርና ጨው የወሰደችው ለሻይ አልነበረም። አንደኛው ልጇን ተቅማጥ ይዞታል። ፋርማሲ ብትሄድ ኦአርኤስ፣ ያ ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ አልቋል ተባለች። ባለሱቁ «እህቴ፣ ከማዶ ያሉትን እናት ጠይቂያቸው» ብሎ ወደ እናቴ ላካት። እናቴም አሳየቻት፦ ፈልቶ የቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልክ በአፉ እንጂ ተቆልሎ አይደለም፤ ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳዋል። ከዚያ ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን እየሮጠ ነበር።

በጦርነት ጊዜ የእርዳታ ጥሪ ስሰማ ይቺ ደብተር ትመጣብኛለች። እኛ ጥሪ ስናደርግ የምንለው «ልብስ፣ ብስኩት፣ የታሸገ ውሃ አምጡ» ነው። ልብሱ ይሰበሰባል፣ በመኪና ይጫናል፣ መንገድ ላይ ይቆማል። እዚያው ሰፈር ውስጥ ግን አንድ ሰው ከሁሉም ቀድሞ መርዳት ጀምሯል። ሳሙናውን፣ ዱቄቱን፣ ጨውን ሰጥቷል። እሱን ግን ማንም አይጠራውም። ጅምላ አከፋፋዩ ደግሞ ያለ እጅ በእጅ አይሰጠውም። ደብተሩ ሲሞላ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ሱቁ ሲዘጋ መጠለያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ይጎዳል።

ስለዚህ እላለሁ፦ ከምንሰበስበው ገንዘብ የተወሰነው የዱቤ ደብተር ይክፈል። ቀኑም ዕቃውም ዋጋውም ተጽፎ ተቀምጧል። የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ፣ ቄሱ ወይም ሼኩ አብረው ቁጭ ብለው ያዩታል። ኔትወርክ ካለ በቴሌብር በአንድ ቀን ይደርሳል። ተፈናቃይዋም ለእርዳታ ስትሰለፍ ፎቶ ሳትነሳ ዕዳዋ ይወርድላታል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ኩራቱን ጥሎ አይወጣም።

«ነጋዴ እኮ በጦርነት ዋጋ ይቆልላል» የሚለኝ አለ። የሚቆልል አለ፣ አውቃለሁ። ዘይት ደብቆ የሚጠብቅም አለ። ግን ስኳር በግማሽ ኩንታል የሚገዛን የሰፈር ባለሱቅ መጋዘን ሙሉ ከሚያከማቸው ጋር አንድ ላይ መርገም ግፍ ነው።

ደግሞ ገንዘብ የማይሠራበት ጊዜ አለ። ትግራይ ውስጥ ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ባንክ ተዘግቶ፣ ሰው ደብተሩ ላይ ብር እያለው ተርቧል። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚያስፈልገው መንገድ ተከፍቶ ዱቄትና መድኃኒት የጫነ መኪና መግባቱ ነው። የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ቁስል በጨው ውሃ እያጠብን ነው ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ያ ምርጫ አልነበረም፣ ማጣት ነው።

የቤት መድኃኒትን የማነሳውም ለዚህ ነው። እኔ ራሴ ምች ሲመታኝ ዳማከሴ እየታሸልኝ ያደግሁ ነኝ። ለሆድ ቁርጠት ፌጦ፣ ለጉንፋን ዝንጅብልና ማር ቤታችን አይጠፋም። ያሻለንም ያጽናናንም አለ። ግን በጦርነት ወቅት በቴሌግራም የሚዞረው «ይህን ቅጠል ቀቅለው ይጠጡ፣ ከስኳር በሽታ ይድናሉ» የሚለው ሰው ይገድላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ኢንሱሊን ካጣ የሚተካለት ቅጠል የለም። ቁስል ላይ አመድ ወይም እበት መለጠፍም መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። ቁስል በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ሳሙናው ደግሞ ያው ሱቁ ውስጥ ነው።

ጥሪ የምታደርጉ ወንድሞችና እህቶች፣ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ያላችሁ፣ የምትለምኑትን በስሙ ጥሩት። «መድኃኒት» ብቻ አትበሉ፤ ኢንሱሊን በሉ፣ የደም ግፊት ኪኒን በሉ፣ ኦአርኤስ በሉ። ከዚያ «የእገሌ ሰፈር ሱቅ፣ ይህን ያህል ብር ዱቤ» በሉ። የኛ ሰው ምን እንደሚከፍል ካወቀ እጁ አያጥርም።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ባለሱቁ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። በኅዳር መጨረሻ ሲመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ሚዛኑ እንኳ የለም። ደብተሯ ግን በኮቱ ኪስ ነበረች። ሰላም ከወረደ በኋላ የመንታዎቹ እናት ከቆቦ በሰው እጅ 200 ብር ላከችለት። ተቀብሎ መስመሯን ሰረዘ። ሌሎቹ መስመሮች አሁንም እንዳሉ ናቸው።