በተለያዩ ምክንያቶች
ሰሞኑን ልጆች ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ ማወቅ ፈልጌ፣ በአንድ ወረዳ ላይ የተሠራ የማስተርስ ጥናት አብስትራክት፣ ማለትም ከጥናቱ ፊት የሚቀመጠውን አጭር ማጠቃለያ፣ አነበብኩ። ሁለት ገጽ ተኩል ነው። ጨርሼ ስነሳ ልጆቹ ለምን እንደሚያቋርጡ አላወቅሁም። አቤት ችሎታ! መቼም ይሄ ጥበብ ያልገጠመው አንባቢ የለም።

እስቲ አብረን እናድንቅ። ጅማሬው "ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት መሠረት ነው" ይላል። ባይነግሩን ምን ይውጠን ነበር? ቀጥሎ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ዕውቀትን ለልጅ ልጅ እንዴት እንዳወረሰ ይተረካል። ከዚያ ዓለም ይመጣል፣ ከዚያ አፍሪካ፣ ከሰሃራ በታች፣ ኢትዮጵያ፣ ክልሉ፣ ዞኑ። ወረዳው ጋ ስንደርስ አንዱ ገጽ አልቋል። አሁን ወደ ዘዴው። ጥናቱ መጠናዊም ነው፣ ዓይነታዊም ነው። መረጃው የመጀመሪያ ደረጃም ነው፣ የሁለተኛ ደረጃም ነው። መጠይቁ ዝግም ነው፣ ክፍትም ነው። ቃለ መጠይቅ አለ፣ የቡድን ውይይት አለ፣ የሰነድ ፍተሻ አለ። ናሙናው በዕጣም በዓላማም ተመርጧል፤ ማንም ቅር እንዳይለው። መረጃው ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ በመቶኛ፣ በአማካይ፣ በመደበኛ ልይይት ተተንትኗል። ሶፍትዌሩ ስንተኛ ቨርዥን እንደሆነ እንኳ አልተረሳም። ልቤ ተንጠለጠለ። መጣ!

"የጥናቱ ውጤት እንደሚያሳየው ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡት በተለያዩ ምክንያቶች ነው።"

በቃ። ነጥብ። ወዲያው መፍትሔው ተከተለ፦ "የሚመለከተው አካል ተገቢውን ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።" የሚመለከተው አካል ማን ነው? እሱም በተለያዩ ምክንያቶች አልተገለጸም።

የጤናዎቹ ደግሞ በሌላ መንገድ ይራቀቃሉ። የሕክምና መጽሔቶች ከእ.ኤ.አ. 1987 ወዲህ አብስትራክት ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ማጠቃለያ እየተባለ እንዲከፋፈል ሲወተውቱ ኖረዋል። የኛ ሰውም ርዕሶቹን አንድ በአንድ ጽፏል። "ውጤት" ከሚለው ሥር ምን አለ? "ጉልህ ዝምድና ታይቷል፤ ፒ-ቫልዩ ከ0.05 በታች ነው።" ዝምድናው የአጋጣሚ አይመስልም ለማለት ነው። ከስንት ሰው ስንቱ ታመመ? በስንት እጥፍ ጨመረ? ኧረ ምን ቸኮላችሁ፣ ውስጥ ገጽ ላይ አለ።

ውስጥ ገጹ ግን በዶላር የሚከፈት ነው። እዚህ ላይ መሣቅ ያቅተኛል። በደቡባዊ አፍሪካ ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚሠራ አንድ ሐኪም፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን አንድ አብስትራክት ብቻ አምኖ የተሻለውን ሕክምና በደካማው እንደቀየረ ተጽፏል። ሙሉውን ጽሑፍ ቢያገኝ ኖሮ ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በጎደለ መረጃ የተሠራ እንደሆነ ያይ ነበር። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የምታገኘው ያችን አንዲት አንቀጽ ብቻ ነው! የጥናቱን ድክመት እዚያው አብስትራክቱ ላይ መጻፍ አንድ መስመር ነው የሚፈጀው። አንድ መስመር! ለኤስፒኤስኤስ ቨርዥን ቦታ ያልጠፋ፣ ለዚህ እንዴት ይጠፋል?

ይሁን፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ተማሪው ብቻውን እዚህ አልደረሰም። አብስትራክቱን የጻፈው ጥራዙ ሊገባ ሌሊት ሲቀረው፣ ከመግቢያው ቆርጦ እየለጠፈ ነው። አማካሪው ጠዋት ተቀበለው፣ ገለጥ ገለጥ አደረገው፣ መነጽሩን አወለቀ።

"ጥሩ ነው" አለ። "ትንሽ አስፋው።"