መቼ ነው የሚጀምረው?
ቀስ እያለ እንደ ጉም የሚገለጥ የ20 ደቂቃ የአምቢየንት (ከዜማና ከምት ይልቅ ድባብ ላይ የሚያተኩር ዝግ ያለ ሙዚቃ) ሥራ ልኬለት፣ ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው «መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ወዳጄ ምን ልመልስለት? ትልልቆቹ የሙዚቃ ማሰራጫዎችም 30 ሰከንድ የተደመጠውን እንደ አንድ ሙሉ ማድመጥ ስለሚቆጥሩት፣ ቶሎ የሚይዘው አጭር ሥራ ሲጠቀም፣ ትዕግሥት የሚሻው አቧራ ይለብሳል (ዲጂታል አቧራ የሚባል ነገር ካለ)። ጃፓናዊቷ ሙዚቀኛ ሚዶሪ ታካዳ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣችው አልበም ለዓመታት የጥቂት ሰብሳቢዎች ሀብት ብቻ ሆኖ ቆይቶ፣ በ2017 ዳግም ከታተመ በኋላ ስንቱ አወደሰው! እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ዘንድሮ የወጣ፣ ማንም ልብ ያላለው የኤሌክትሮኒክ አልበም ስጠቁመው፣ ያው ወዳጄ ሳያደምጠው «ስንት ሰው ሰምቶታል?» ማለቱ ነው።