«ፓይተን በነጻ የሚወርድ አይደለም እንዴ?»

ከስብሰባው ከወጣሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዝም ካልኩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ያድራል።

የሦስት ወር ልፋቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንዲረዳ ያደረግሁት፣ የመስኖ ፓምፕ የሚቆጣጠር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው። ቦርዱን በሲሪያል ገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁና አበራሁት፤ ትእዛዝ እንደሚጠብቅ የሚያሳዩት ሦስቱ የፓይተን ቀስቶች (>>>) ብቅ አሉ። ሁለት ሲደመር ሁለት ስለው አራት አለኝ። ፓምፑን ክፈት ስለው ፓምፑን የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ቀጭ አለ! እስከማውቀው ድረስ በዚያ ቺፕ ላይ ፓይተን አፉን ሲፈታ የመጀመሪያው ነው። እኔ የጠበቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «እንዴት ሠራኸው?» የሚል።

ኃላፊው ከስልኩ ቀና እንኳን አላለም።

«ይህ ፓይተን የምትለው በነጻ የሚወርድ አይደለም እንዴ?»

«አዎ፣ ነገር ግን ለዚህ ቺፕ የተዘጋጀ ስለሌለ እርስዎ እንደሚያውቁት…»

«ልጄ ስልኩ ላይ በአምስት ደቂቃ ጫነው። ስምንተኛ ክፍል ነው።»

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሊበርድ ሲል ደግሞ «ታዲያ አንተ ሦስት ወር ሙሉ ምን ስታወርድ ከረምክ?» ብሎ ጨመረበት። የሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ እንባዋን በሶፍት እየጠረገች ነበር። እኔ ገመዴን ጠቅልዬ ወጣሁ።

እስቲ እዚህ ልመልስለት። ፓይተን ለሕዝብ የወጣው በፈረንጆች 1991 ነው። አንድሮይድ ቋንቋው በይፋ ከሚደግፋቸው መድረኮች አንዱ የሆነው በ2024 በወጣው የፓይተን 3.13 እትም ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት! አንድሮይድ ባዮኒክ የሚባል የራሱ የሲ ላይብረሪ (በሲ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊ የኮድ ስብስብ) አለው፤ በተለመደው ሊኑክስ ላይ የሚገኘው ሁሉ እዚያ አይገኝም። ከይፋዊው ድጋፍ በፊትም ለዓመታት የጎደለውን እየሞሉ፣ የተሰበረውን እየጠገኑ ፓይተንን ስልክ ላይ ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። የልጁ አምስት ደቂቃ ከእነርሱ ዓመታት የመጣ ነው።

ስልክ ደግሞ ሀብታም ነው። የእኛ ቦርድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለውም፣ ፋይል የለውም፣ ስክሪን የለውም፤ ራሙ 64 ኪሎባይት ነው። ዴሚየን ጆርጅ በ2013 ለሕዝብ ያስተዋወቀው፣ ለትንንሽ ቺፖች የተዘጋጀው ማይክሮፓይተን 256 ኪሎባይት ማከማቻና 16 ኪሎባይት ራም ስለሚበቃው ነው እኔም የደፈርኩት። ቋንቋው ግን አዲስ ቺፕ ላይ ሲደርስ አገር እንደማያውቅ እንግዳ ነው። ፊደል ከየት ልቀበል? የት ልጻፍ? ሚሊሰከንድ በምን ልቁጠር? ትርፍ ራሙ ከየት ይጀምራል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ በሲ መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያውም አብዛኛው በቻይንኛ በተጻፈ የቺፕ መመሪያ እየተመራሁ።

አሥራ አንድ ቀን የበላኝን ስህተት ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ ለሃያ ደቂቃ ያህል በሰላም ይሠራና በድንገት ራሙ ላይ ያለ የአንዱ ዝርዝር (ሊስት) ይዘት ወደማይታወቅ ቁጥር ይለወጣል። ኃይል ነው ብዬ ኃይሉን ለካሁ። ገመዱ ነው ብዬ ገመድ ቀየርኩ። ለካስ ጥፋቱ የማይፈለገውን ራም እየለቀመ የሚያስለቅቀው ክፍል ዘንድ ነው። ይህ ክፍል ዝርዝሩን የሚጠቀምበት እንዳለ ለማወቅ ስታኩንም (ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ነገሮቹን የሚደራርብበትን የራም ክፍል) የፕሮሰሰሩን ሬጅስተሮችም (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን ጥቂት ማስቀመጫዎች) ማየት አለበት፤ እኔ ስታኩን ብቻ ነበር ያሳየሁት። የዝርዝሩ አድራሻ ሬጅስተር ውስጥ ብቻ ሲሆን ባለቤት የሌለው መስሎት ቦታውን ለሌላ ይሰጠዋል። ባለቤቱ ሳሎን ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ቤቱን ያፈረሱበት ያህል ነው! ያገኘሁት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

በዚያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ፕሪንተር ወረቀት ነከሰ ተብዬ ተጠርቻለሁ። «ኮምፒውተር ተምሮ ፕሪንተር አያውቅም?» ተብያለሁ። የሲሪያል ማገናኛውን ከኪሴ ነው የገዛሁት፤ ደረሰኙ ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ ተመለሰ። መብራቱንማ ተዉት።

ሌላ ቀን ደግሞ «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት ጠየቅሁት፤ ዘጠኝ አለኝ። ዘጠኝ! ቦታ ለመቆጠብ የዓለምን ፊደላት ለይቶ የሚያውቀውን ዩኒኮድን አጥፍቼ ስለነበር የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ ፊደል በባይት በሚጻፍበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ደግሞ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። ከቦታው ላይ ሌላ ነገር ቆርጬ ዩኒኮዱን አበራሁት፤ ሦስት አለኝ። ብቻዬን ቢሮ ውስጥ ጮኽኩ። የጥበቃው ጋሼ ባትሪያቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ፤ «ምን ሆንክ ልጄ?» አሉኝ። ማሽኑ አሁን አማርኛ መቁጠር ቻለ አልኳቸው። «እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ!» አሉ። ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ እሰይ ያለኝ እርሳቸው ብቻ ናቸው።

ደግሞ ለራሴ ደስታ ብቻ አልሠራሁትም። ባቱ ያሉት ቴክኒሻኖቻችን የመስኖ ሰዓት በግማሽ ሰዓት ለማዛወር እንኳን እኛን ይጠብቃሉ። እኛ የሲውን ኮድ ቀይረን፣ ኮምፓይል አድርገን (ቺፑ ወደሚያውቀው ቋንቋ ቀይረን)፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን እንጭንላቸዋለን። መኪና ሲጠፋ ሳምንት ይሆናል፤ ተክሉ ግን ሳምንት አይጠብቅም። ልጆቹ ፓይተን ኮሌጅ ተምረዋል። አሁን አንዷን መስመር እዚያው ማሳው ዳር ቆመው ይቀይሯታል። ባለፈው ሐሙስ አንደኛው ሞክሮት ደውሎልኝ ነበር፤ ድምፁ ከውኃው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ «ተከፈተ! ራሴ ከፈትኩት!» ሲል እስካሁን ይሰማኛል። ይህን ለስብሰባው ልነግር አዘጋጅቼ ነበር። የማስታወሻዬ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አልደረስኩም።

ደክሞኛል። ከዚህ በኋላ አፌን ዘግቼ ፕሪንተሬን ልጠግን ይሆን እያልኩ ነው። ደግሞ መልሼ እናደዳለሁ፤ የሚቀጥለው ቦርድ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ቺፑም ሌላ ነው።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ የሥራ ክንውን ቅጽ ተላከልኝ። በእርሳስ ምልክት አድርገውልኛል፤ «ሶፍትዌር መጫን፣ ብዛት 1» ብለህ ሙላ ይላል። ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ማስረከብ አለብኝ። «መጫን» የሚለውን ሰርዤ «ፓይተንን ለአዲስ ቺፕ ማዘጋጀት» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ቦታው ስላልበቃኝ ወደ ጀርባው አዙሬዋለሁ።