ኖትር ዳም የአሻራ ማኖሪያ አይደለችም

ያልተቃጠለ መስኮት መንቀል ከመቼ ወዲህ ነው ጥገና የሆነው? የፓሪሷ ካቴድራል ኖትር ዳም እ.ኤ.አ. በ2019 ስትቃጠል በውስጧ በደቡብ በኩል ያሉት የስድስቱ ጸሎት ቤቶች መስኮቶች ምንም አልሆኑም። እሳት የማራቸውን ፕሬዚዳንት ማክሮን አልማራቸውም። ይነሱና በአዲስ ይተኩ አሉ። የፈረንሳይ የቅርስ ኮሚሽን በ2024 በአንድ ድምፅ ተቃወመ፤ ማን ሰምቶት! በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲሶቹን የምትሠራው ሠዓሊ ክሌር ታቡሬ ተመረጠች።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የ21ኛው ክፍለ ዘመን አሻራ ይኑርበት ነው። ይህ አላስኬድ ሲላቸው ደግሞ መስኮቶቹ የመካከለኛው ዘመን አይደሉም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤቱን ያደሰው አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ ያሠራቸው ናቸው ይሉናል። እሺ፣ ናቸው። ግን ቪዮሌ ለ ዱክ ለምን አዲስ መስኮት ማሠራት አስፈለገው? የ18ኛው ክፍለ ዘመን ካህናት ቤቱ ጨለመብን ብለው የጥንቱን ባለ ቀለም መስታወት አስወጥተው ነጭ መስታወት ስላስገጠሙ ነዋ! እነሱም ያኔ የዘመናቸውን አሻራ ማኖራቸው ነበር። የወጣው እንደወጣ ቀረ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስጠንቀቂያ ይፈለጋል?

እኔን የሚያንገበግበኝ መስኮትን እንደ ጌጥ ማየታቸው ነው። ያንን ቤት ለሠሩት ሰዎች ብርሃን እምነታቸው ነበር። አበምኔት ሱዤ ፓሪስ አጠገብ ያለውን የሴን ዴኒን ገዳም ቤተ ክርስቲያን ምሥራቃዊ ክፍል እንደ አዲስ አሠርቶ በ1144 ሲያስመርቅ፣ በዓይን የሚታየው ብርሃን ልብን ወደ እውነተኛው ብርሃን ያደርሳል ብሎ አምኖ ነው። ግድግዳ መስታወት እንዲሆን ደግሞ የጣሪያው ክብደት ሌላ የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። ቅስቱ ሾለ፣ ሸክሙ ወደ ምሰሶዎቹ ወረደ፣ ቆየት ብሎም ከውጭ ሆነው የሚደግፉ ቅስቶች መጡ። ያ ሁሉ ድንጋይ የተደረደረው «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» ለሚለው ቃል ነው ባይ ነኝ፤ ማንም ከዚህ አያናውጠኝም።

ኖትር ዳም መሐል ቆማችሁ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። ጽጌረዳ የሚባለው ትልቁ ክብ መስኮት አለ። መሐሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ዙሪያዋን የብሉይ ኪዳን ነቢያትና ነገሥታት ከበዋታል። ፀሐይ በዚያ በኩል ፊት ለፊት አትገባም። አሁን ዞር በሉ። ደቡብ ላይ ወደ 13 ሜትር የሚጠጋ ሌላ ጽጌረዳ አለ፣ መሐሉ ክርስቶስ፣ ዙሪያው ሐዋርያትና ሰማዕታት፣ ፀሐዩም በእነሱ በኩል ይገባል። የሚጠብቁት በጥላው፣ ሲጠበቅ የነበረው በፀሐዩ! ይህን አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ አልከራከረውም፣ ሄዶ ይይ።

እንግዲህ ሊነቀሉ የተፈረደባቸውም እዚያው በፀሐዩ በኩል ያሉት ናቸው። ሥዕል የለባቸውም፤ ዓይንን ሳይዙ ወደ መንበሩ የሚያሳልፉ ጸጥ ያሉ የመስመርና የቅርጽ መስታወቶች ናቸው። በነሱ ፋንታ ባለ ሥዕል መስኮት ስታስገቡ የውስጡን ብርሃን ነው የምትነኩት።

የታቡሬን ችሎታ አልጠራጠርም። የመረጡት ርዕስም ጰራቅሊጦስ ነው፣ ሊቀ ጳጳሱም ደግፈውታል። ታዲያ ለጰራቅሊጦስ ሌላ መስኮት ጠፍቶ ነው? በ1163 ሥራውን የጀመረው ግንበኛ ስሙ እንኳ አይታወቅም፤ የኛ ዘመን ግን ካልፈረመ አይሆንለትም።

የሚነሱት አይጠፉም፣ ሙዚየም ይገባሉ ብለው ያጽናኑናል። ከጀርባቸው አምፖል ይበራላቸዋላ! ጠዋት ቢሆን ማታ፣ በጋ ቢሆን ክረምት፣ ያው አምፖል።