ማስተካከያ፦ አስፓርቴም አልታገደም

አስፓርቴም በዳየት መጠጦች ውስጥ በስኳር ፈንታ የሚገባ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ነው። ስለ ዳየት መጠጦች ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «የዓለም ጤና ድርጅት አስፓርቴምን ካንሰር አምጪ ነው ብሎ አገደ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። እንዲህ ተብሎ ይስተካከል፦ የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2023 አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚባለው ምድብ ውስጥ አስገባው። እገዳ የሚባል ነገር የለም። ኤጀንሲው የማገድ ሥልጣንም የለውም።

ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው። ምን ያህል ቢጠጣ ይጎዳል ለሚለው መልስ አይሰጥም። የእሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ አለ፤ ይሄን ግን ማንም አያራግበውም!

መጠኑን የመረመረው ሌላ የባለሙያዎች ኮሚቴ ነው። የቀድሞውን ገደብ አልነካም፦ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም። በአንድ ጣሳ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም አለ ብንል፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገደቡን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ በላይ መጨለጥ አለበት። ያውም ከሌላ ምግብ አስፓርቴም ካልወሰደ ነው።

«ማንንም አይጎዳም» ማለትም ስህተት ነው። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሊርቁት ይገባል። አስፓርቴም ሲፈጭ ፌኒላላኒን የሚባል አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ንጥረ ነገር) ይወጣዋል፤ የእነሱ ሰውነት ደግሞ ይህን በአግባቡ ማስወገድ አይችልም።